ከወንበር እስከ ማዕረግ፦ የኢትዮጵያ ምሁር ስኬት በምን ተለካ?

በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የታተመ አንድ ትልቅ የግእዝ መዝገበ ቃላት አለ፤ ርእሱ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። ግእዝ የሚያጠና ሰው፣ የአብነት ተማሪም ይሁን የዩኒቨርሲቲ፣ ውሎ አድሮ ወደዚህ መጽሐፍ መምጣቱ አይቀርም። መጽሐፉ የሦስት ሰው ዕድሜ ያረፈበት ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ዳር ሳያደርሱት ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ኢየሩሳሌም በኖሩባቸው ረጅም ዓመታት፣ አገር ቤት ከተመለሱም በኋላ ደከሙበት፤ እሳቸውም ኅትመቱን ሳያዩ በ1936 ዓ.ም. አለፉ። አደራውን ተቀብለው አሰናድተው ለማተሚያ ቤት ያበቁት የእሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው።

መጽሐፉን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የፊደሉ ተራ ነው። «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ያደገ አንባቢ ቃል ሲፈልግ ይቸገራል፤ ቃላቱ የተደረደሩት በአበገደ ነውና። ተራውን ከለመደው በኋላ ግን መጽሐፉ ይከፈትለታል። ግሱ ከነእርባታው ይቀርባል፤ ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብኛ ዘመዶቹ ጋር ይመሳከራል፤ ፍቺው በጠራ አማርኛ ይተነተናል። ለአንድ ግስ ስንት መጽሐፍ እንደተገለጠለት ከገጹ ላይ ይነበባል።

ከእነዚህ ከሦስቱ ሰዎች የተሳካለት የትኛው ነው? ጀማሪው ሥራውን አልጨረሱም። ትልቁን ሸክም የተሸከሙት የድካማቸውን ፍሬ በእጃቸው አልያዙም። ያሳተሙት ደግሞ በሰው ሥራ ላይ የራሳቸውን ዓመታት አፈሰሱ፤ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው ዘግይቶ በ1962 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አንድ መምህር ለማዕረግ ዕድገት ሲያመለክት በሚሞላው ቅጽ ቢለኩ ሦስቱም የሚያገኙት ነጥብ ትንሽ ነው። ሥራቸው ግን ከታተመ ስድሳ ዓመት አልፎት ዛሬም ከመደርደሪያ ይወርዳል። በቅጹና በሥራው መካከል ያለውን ይህን ርቀት ለመረዳት የምሁር ስኬት በእኛ አገር በየዘመኑ በምን ሲለካ እንደኖረ ማየት ያስፈልጋል።

በአብነት ትምህርት ቤቱ ዓለም ሊቅነትን የሚመሰክሩት ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ፤ «ከማን ተማርክ?» እና «ማንን አስተማርክ?»። ድጓ ተማርኩ የሚል ሰው ቤተልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ ዐዋቂነቱ ሙሉ አይደለም። ዝማሬ መዋሥዕት የሚል ዙር አባ ይሄዳል። አቋቋም ያለ ጎንደር ይዘልቃል፤ ቅኔ የፈለገ ጎጃም ተሻግሮ ዋሸራን ወይም ጎንጅን ይጠይቃል። ምስክርነቱ የሚሰጠው በወረቀት ሳይሆን በመምህር አፍ ነው፤ መምህሩም የራሱን መምህር፣ የመምህሩንም መምህር እየጠራ ወደ ኋላ ይቆጥራል። የሚያሳፍር ተማሪ ካወጣ የሚያፍረው እሱ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ አብረው ያፍራሉ። ስለዚህም በቀላሉ አይመሰክርም።

የቅኔ ቤቱን ውሎ ላየ ሰው ይህ መለኪያ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበር ይገባዋል። ደበሎ የለበሰው ተማሪ ጠዋት ቁራሹን ለምኖ ይመለሳል፤ ቀኑን ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ለመድረስ ዓመታት ያልፋሉ። የኔታ ቤቱ የተሰበረበትን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመበትን ቦታ እዚያው በጓደኞቹ ፊት ያቃናሉ። ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ የሌላውን የራስ አስመስሎ ማቅረብ ደግሞ ከነውርም ያልፋል። የሰው ሥራ መስረቅን ለመከላከል ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች ሶፍትዌር ይገዛሉ። እዚያ ግን የሌባው መያዣ ጉባኤው ራሱ ነበር፤ ሁሉም ሁሉንም ሰምቷልና።

የስኬቱ ጫፍ ወንበር መዘርጋት ነው። ሊቁ አንድ ደብር አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ጉባኤ ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ ፈራጁ ተማሪው ነው። ስሙ የተሰማ መምህር ዘንድ ተማሪ ከሩቅ አገር በእግሩ ይመጣል፤ ትምህርቱ የሳሳ መምህር ዘንድ ያለው ተማሪ አንድ ሌሊት አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳል። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ትልልቅ መምህራን ድሆች ሆነው ኖሩ፤ ድሆች ሆነውም ሞቱ። ክብራቸው ግን በየአድባራቱ በተበተኑት ደቀ መዛሙርታቸው ልክ ይሰፋ ነበር።

ይህን ሥርዓት አክብሬ እጽፋለሁ፤ ጉድለቱን ግን መሸፈን አልፈልግም። ቅኔው ለዕለቱ ተነግሮ ብዙ ጊዜ ከዕለቱ ጋር ይጠፋል፤ ዛሬ ስማቸውን የምንጠራቸው ባለቅኔዎች አብዛኛው ሥራቸው በእጃችን የለም። ዐዋቂው ያወቀውን ሳያስተላልፍ ከሞተ ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል። ከሁሉ በላይ የአገሩ ግማሽ፣ ሴቱ፣ ከጉባኤው ውጭ ነበር። በሩ ሙሉ በሙሉ እንዳልተዘጋ የሚያሳዩ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ጥቂቶች አሉ። ዓይነ ስውር የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ቅኔውን ከአባታቸው ተምረው፣ በአባታቸው ወንበር ተተክተው ጎጃም ጽላሎ ላይ ለረጅም ዘመን አስተማሩ፤ ብዙ ወንዶች መምህራን ከእሳቸው ጉባኤ ወጥተዋል። በዚያው ሥርዓት ጥብቅ መለኪያ ተለክተው ያለፉ ናቸው። ስንቶች ገላነሾች ግን በሩ ድረስ እንኳን ሳይደርሱ ቀሩ የሚለው ጥያቄ ከውስጤ አይወጣም።

ይህ ዕውቀት ከአውሮፓ ምሁራን ጋር ሲገናኝ አዲስ ጥያቄ ተወለደ፤ ስሙ የሚጻፈው የማን ነው? አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት የመካነ ሥላሴው ሊቅ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ በጎታ መስፍን ግብዣ እዚያው ድረስ ሄደው አብረውት ሠሩ። የሉዶልፍ የግእዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የወጣው የኢትዮጵያ ታሪኩም ያለ እሳቸው የሚታሰቡ አልነበሩም። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በመርከብ አደጋ ሰጥመው ሞቱ። ሉዶልፍ ውለታቸውን አልካደም፤ ከማን እንደተማረ በግልጽ ጽፏል። ቢሆንም የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ተብሎ በየመጽሐፉ የሚጠራው እሱ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስም ሮም ውስጥ የጣሊያናዊውን ምሁር የኢኛሲዮ ጉዊዲን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሥራ አግዘዋል፤ በ1901 የታተመው ያ መጽሐፍ ዛሬ የሚጠራው በጉዊዲ ስም ነው። በአብነቱ ዓለም ስኬት ማለት ተማሪ ማፍራት ነበርና እነዚህ ሰዎች በራሳቸው መለኪያ ምናልባት የጎደለባቸው የለም። በማተሚያ ቤቱ ዓለም ግን ስሙ ሽፋኑ ላይ ያልወጣ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለቱ መለኪያዎች እዚያ ላይ ተጋጩ፤ ግጭቱ ዛሬም አልበረደም። የውጭ ተመራማሪ መጥቶ የአገሩን ሰው አስተርጓሚ፣ መረጃ ሰብሳቢና መንገድ መሪ አድርጎ ይሠራል፤ ጽሑፉ ሲወጣ ግን የዚያ ሰው ስም በምስጋናው መስመር ብቻ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት የመጣው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉስየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሩን ከፈተ። በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጥቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ለአንድ ምሩቅ ስኬት ምን ማለት እንደነበር ማንም አይጠፋውም። ዲግሪ የያዘ ወጣት ከውጭ አገር ሲመለስ የሚጠብቀው ወንበር የሚኒስቴር ወንበር ነበር፤ መንግሥት የተማረ ሰው በእጅጉ ይፈልግ ነበርና ከክፍል ወደ ቢሮ የሚወስደው መንገድ አጭርና ለስላሳ ነበር። ምርምርን የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገ ሰው ከእኩዮቹ በደረጃም በኑሮም ወደ ኋላ እንደሚቀር ያውቃል። ያም ሆኖ የቆሙ ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የእነዚህ ሰዎች ቤት ሆነ። ታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ያሳተሙት ከ1270 እስከ 1527 ያለውን ዘመን የሚተርከው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ከዚያ ትውልድ ፍሬዎች አንዱ ነው። ታደሰ ገድላቱንና ዜና መዋዕሉን እንደ ታሪክ ምንጭ መርምረው ያነበቡበት መንገድ ከእሳቸው በኋላ ለመጡት መነሻ ሆኗል። የሚቃወማቸውም ቢሆን የሚጀምረው ከእሳቸው ነው።

ከዚያ ዘመን ሰዎች መካከል ስለ ስኬት ጥያቄ ብዙ የሚያስተምረኝ ግን የአክሊሉ ለማ ታሪክ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. አክሊሉ አድዋ አካባቢ ወራጅ ውኃ ውስጥ ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ያጠኑ ነበር። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ጥገኛ ትል ተሸካሚ ነው፤ ትሉ ከእሱ ወጥቶ ውኃው ውስጥ በገባ ሰው ቆዳ ይዘልቃል። ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ ያጥባሉ፤ ሳሙናቸው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት እንዶድ ነው። አክሊሉ ያዩት ነገር ቀላል ነበር። ከሴቶቹ በላይ ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎቹ ሕያዋን ናቸው፤ አረፋው ከሚወርድበት በታች ግን ሞተው ተንሳፍፈዋል። ከአረፋው ጥቂት ዕቃ ውስጥ አድርገው ሕያው ቀንድ አውጣ ቢጨምሩበት ሞተ።

ከዚህ በኋላ ያለው ረጅም ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የግብርና ተመራማሪው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድ ዝርያ ከየአገሩ ሰብስበው፣ ዘርተው፣ አወዳድረው ኃይለኛውን መረጡ፤ «ዓይነት 44» ይባላል። አድዋ ላይ ለዓመታት በተካሄደው ሙከራ በሽታው፣ በተለይ በሕፃናት ላይ፣ በእጅጉ ቀነሰ። ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ግን አልመጣም። የእንዶድ ደኅንነት በምዕራባውያን ቤተ ሙከራዎች ደረጃ እንዲረጋገጥ ተጠየቀ፤ ያ ደረጃ የሚጠይቀው መሣሪያና ገንዘብ ደግሞ እዚህ አልነበረም። ጉዳዩ እንዲህ ዓመታትን በላ። አፍሪካዊ ተመራማሪ በአገሩ ያገኘው ግኝት ስለምን አይታመንም የሚለውን ጥያቄ አክሊሉ በአደባባይ ደጋግመው አንሥተውታል። በ1989 እ.ኤ.አ. አክሊሉና ለገሠ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የአገራችንን አዝርዕት ዘር ከጥፋት የታደጉት መላኩ ወረደም ተሸልመዋል።

አክሊሉ ተሳካላቸው? ሽልማቱን፣ በስማቸው የተጠራውን ተቋም፣ ያሳተሙትን ጽሑፍ ያየ «አዎ» ይላል። እንዶድ ግን እንደታሰበው ቢልሃርዝያ ባለባቸው አገሮች ሁሉ በእያንዳንዱ መንደር አልተዘራም፤ በሽታውም አልጠፋም። እኔ የእሳቸውን ስኬት የማየው በሌላ ቦታ ነው። አንድ ተመራማሪ ከሴቶች እጅ ያለውን ዕውቀት አላቀለለም፤ ጥያቄውን ከወንዙ ዳር አንሥቶ ወደ ቤተ ሙከራ ወሰደ፤ ለለገሠ ሥራ ቦታ ከፈተ፤ ሌሎች የሚመራመሩበት ቤት ሠርቶ ሄደ። ዛሬ ያ ተቋም የሚያሠለጥናቸው ወጣቶች ስለ ሌሎች በሽታዎችም ያጠናሉ። ይህን ሁሉ ማንም አንድ ሰው ጨርሶት አይሞትም።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ከአብነት ትምህርት ቤትም ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲም ያለፉ ሰው ናቸው። ተወልደው ያደጉት ሸዋ ነው፤ ካይሮ ተማሩ፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ጀርመን ቱቢንገን ላይ የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ፤ ተመልሰው አስተማሩ። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ የደርግ ወታደሮች ሊይዟቸው መጥተው ተኩሰው መቷቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀሪ ዘመናቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አሳለፉ። ለሕክምና ከአገር ወጥተው ሚኔሶታ ኮሌጅቪል ከሚገኘው የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀጠሩ። ለብዙ ሰው ይህ የሙያ መጨረሻ ነበር። ለእሳቸው መጀመሪያ ሆነ።

ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም እየተነሡ ወደዚያ ይላኩ ነበር። ማይክሮፊልም ግን ካታሎግ ካልተሠራለት ለተመራማሪ ጨለማ ክፍል ነው፤ በውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። አንድ ብራና ካታሎግ ማድረግ ምን እንደሚጠይቅ ላንሣ። የቅጠሉ ብዛት ይቆጠራል፤ ገጹ በስንት ዓምድ፣ ዓምዱ በስንት መስመር እንደተጻፈ ይመዘገባል። የእጅ ጽሑፉ ዘመን ከፊደሉ አጣጣል ይገመታል። ከዚያ ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው ይነበባል፤ በአንድ ጥራዝ ውስጥ አምስት ስድስት ድርሰት ተሰፍቶ ሊገኝ ይችላልና። በኅዳጉ ላይ የተጻፈው የርስት ውል፣ የባለቤቱ ስም፣ የደብሩ ስም፣ ንጉሡ የሚታወስበት ጸሎት ሁሉ ይለቀማል። ሲያበቃ በካታሎጉ ላይ የሚይዘው ቦታ ጥቂት አንቀጽ ነው። ጌታቸው ይህን በሺህ ለሚቆጠሩ ብራናዎች አደረጉ። ካታሎጉን እስከ ቁጥር 5000 ያደረሰው ዐሥረኛው ቅጽ በ1993 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ዛሬ በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ ወይም በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ላይ የሚጽፍ ሰው፣ ሮም ይሁን ሐምቡርግ፣ ጎንደር ይሁን አዲስ አበባ፣ ከእነዚህ ጥራዞች ሳይጠቅስ አያልፍም። ጌታቸው በ1988 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ሽልማት አግኝተዋል፤ ብዙ መጻሕፍትም ጽፈዋል። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት ገድል ወደ አማርኛ መመለሳቸው ለተራው አንባቢ የከፈተው በር ሌላ ታላቅ ነገር ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የማደንቀው የካታሎጉን ሥራ ነው። ስምን የሚያስጠራ አይደለም፤ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ አስደናቂ ድምዳሜ የለውም። ሌላ ሰው ድምዳሜ ላይ እንዲደርስ ብቻ የሚያስችል ሥራ ነው። ጌታቸው በ2021 እ.ኤ.አ. ዐርፈዋል። ከ5000 በኋላ ያሉትን ቁጥሮች አሁን ሌሎች ሊቃውንት ይመዘግቧቸዋል።

ፖለቲካው የጌታቸውን ብቻ ሳይሆን የብዙዎችን ሙያ አቋርጧል። በደርግ ዘመን የታሰሩ፣ የተገደሉ፣ የተሰደዱ ነበሩ፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ ተባረሩ። የሕክምና ፋኩልቲው መሥራች ዲን ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ከእነሱ መካከል ነበሩ። አንድ አንጋፋ መምህር ሲባረር የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም፤ በአማካሪነት የያዛቸው ተማሪዎች፣ ያልተጻፈው መጽሐፍ፣ እሱን ተከትለው ይቆሙ የነበሩት ሁሉ ይቋረጣሉ። በአብነቱ ዓለም አነጋገር ጉባኤው ይፈታል።

በዚህ መሀል ዓለም ስኬትን በቁጥር መለካት ጀመረ። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ በ1964 እ.ኤ.አ. የሳይንስ ጥቅስ ማውጫን አወጣ፤ አንድ ጽሑፍ በሌሎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ መቁጠር ተቻለ። ዓላማው ተመራማሪዎች ተዛማጅ ጽሑፍ እንዲያገኙ መርዳት ነበር። ውሎ አድሮ ግን መፈለጊያው መመዘኛ ሆነ። በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ አንድን ተመራማሪ በአንድ ቁጥር የሚጠቀልል ስሌት አቀረበ፤ 20 ጽሑፎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ከተጠቀሱ ቁጥርህ 20 ነው። ቀላል ነው፤ ለአስተዳዳሪ ይመቻል። ስለ ሥራው ምንነት ግን ምንም አይናገርም።

ቁጥሩ የት እንደሚሳሳት ሁለት የታወቁ ሰዎች ያሳያሉ። የፊዚክስ ሊቁ ፒተር ሂግስ በ1964 በጻፉት ጽሑፍ የተነሣ በ2013 የኖቤል ሽልማት አገኙ፤ ከዚያ በኋላ ያሳተሙት በጣም ጥቂት ነበር፤ በዛሬው አሠራር ማንም ቀጥሮ እንደማያቆያቸው ራሳቸው ለጋዜጠኛ ተናግረዋል። ሀንጋሪያዊቷ ካታሊን ካሪኮ ደግሞ የአር ኤን ኤ ምርምራቸው የገንዘብ ድጋፍ ስላላገኘ በ1995 ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከደረጃቸው ዝቅ ተደረጉ። ከዓመታት በኋላ ያ ምርምር የኮቪድ ክትባት መሠረት ሆነ፤ በ2023 ኖቤል ተሸለሙ። እነዚህ ሁለቱን የምናውቃቸው መጨረሻው ስላማረላቸው ነው። በቁጥሩ ተገፍተው ሙያውን የተዉትን ማን ይቆጥራቸዋል?

ይህ ቁጥር አገራችን የገባው ዩኒቨርሲቲዎቻችን በበዙበት ወቅት ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ የምንላቸው አዲስ አበባና ዓለማያ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። መስፋፋቱ የገጠር ልጅ ከፍተኛ ትምህርት እንዲያገኝ አድርጓልና በጎነቱ አያከራክረኝም። መምህሩ ላይ ግን ምን እንደመጣ ማየት ይገባል። ሌክቸረሩ በአንድ ሴሚስተር የሚሸከመው ኮርስ ብዙ ነው፤ ክፍሉ ሞልቷል፤ ደመወዙ ከኑሮው ጋር አልተጓዘም። ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመባል የሚጠየቀው የታተመ ጽሑፍ ነው። በዚህ ክፍተት ገንዘብ ተቀብለው ያለ በቂ ምርመራ ሁሉንም የሚያትሙ ጆርናሎች ገቡ፤ ስማቸው ዓለም አቀፍ ነው፤ ጽሑፉ በጥቂት ቀን ይወጣል። ከወር ደመወዙ ከፍሎ እዚያ ያሳተመ ወጣት መምህር ላይ ድንጋይ ማንሣት አልፈልግም። የከፈለው ሥርዓቱ የጠየቀውን ነው። በዚያ መንገድ የወጣው ጽሑፍ ግን ለማንም መነሻ አይሆንም፤ ቀጣዩ ተመራማሪ ሊጠቅሰው ይፈራል።

በአማርኛ የተጻፈ የምርምር ሥራ ደግሞ በዚህ ሚዛን ላይ የሚያነሣው ብዙ አይደለም። የባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» በየዩኒቨርሲቲው የአማርኛ ክፍል ተማሪዎች የሚያነቡት መጽሐፍ ነው። ባሕሩ ዘውዴ በእንግሊዝኛ የጻፉትን ዘመናዊ ታሪክ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» ብለው በአማርኛ ማውጣታቸው ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ ላለው አንባቢ ትልቅ ነገር ነበር። አንድ ወጣት መምህር እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለመጻፍ ሦስት ዓመት ልስጥ ቢል፣ በዚያው ጊዜ ሦስት አጫጭር ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ያሳተመ ባልደረባው ማዕረጉን ቀድሞ ይይዛል።

ከዚህ የተለየ መንገድ ታይቷል፤ አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው ብሔራዊ ሐርባሪየም። እዚያ በደረቅ ካርቶን ላይ የተሰፉ፣ የተለጠፉ ዕፀዋት በቁም ሣጥን ተደርድረዋል። አንዱን ገልጦ ያየ ሰው ደርቆ የጠቆረ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ያገኛል፤ በታች ጥግ ላይ ትንሽ ወረቀት አለች። የዕፁ ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስም ተጽፎባታል። ሰብሳቢው ያን ቀን ሐረርጌ ወይም ባሌ ተራራ ወጥቷል፤ ማታ በጋዜጣ መሀል ዕፁን ተጭኗል። በ1980 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» ሥራ የቆመው በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ነው። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኡፕሳላ የነበሩት ኢንጋ ሄድበርግ፣ በኋላም ሰብስቤ ደምሰው የመሩት ይህ ሥራ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ በ2009 እ.ኤ.አ. ስምንተኛውን ቅጽ ይዞ ተጠናቀቀ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጀ። የሦስት ሰው ዕድሜ ከወሰደው የግእዝ መዝገበ ቃላት ጋር የሚያዛምደው ይኸው ነው፤ የጀመሩት ሁሉ አልጨረሱትም፤ የጨረሱትም እንደ ራሳቸው ብቻ አልያዙትም። ዛሬ መድኃኒት የሚፈልግ፣ ደን የሚያጠና፣ የአየር ንብረት ለውጥን የሚከታተል ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የዕፁን ስም የሚያረጋግጠው ከዚያ ነው።

የማዕረግ መመሪያዎቻችን እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያይ ዓይን እንዲያወጡ እመኛለሁ። ካታሎግ የሠራ፣ መዝገበ ቃላት ያሰናዳ፣ የዕፀዋት ናሙና የሰበሰበ፣ የመማሪያ መጽሐፍ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የጻፈ መምህር ሥራው ተመርምሮ እንደ ምርምር ይቆጠርለት። ያማከራቸው የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ዛሬ የት እንዳሉ፣ ምን እንደሠሩ ይጠየቅ። ለመስክ ሥራ የሚሄድ መምህር ከማስተማር ጫናው የሚቀነስለት ሴሚስተር ይኑረው። የጽሑፉን ብዛት የሚቆጥረው ኮሚቴ ከጽሑፎቹ ሁለቱን እንኳን አንብቦ ይፍረድ፤ ለማንበብ የሙያው ዐዋቂ ይጋበዝ። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ገንዘብ ግን ብዙ አይጠይቅም፤ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ነገ ሊጀምረው ይችላል።